አልማዝን ፍለጋ እስከ ካልክ

ጻፈው ያላችሁኝ እናንተ የማኅበራችን ሰዎች ናችሁ፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቁብኝ። እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልደግም ነው የወጣሁት። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በጎንደርና በመተማ መንገድ መሪ ጨብጬ ኖርኩ። ጀርመን አገር ደርሼ መጣሁ ስላችሁ አንዳንዶቻችሁ ስለ ቤተ መንግሥቱ ጠየቃችሁኝ። ቤተ መንግሥት አላየሁም። ያየሁት አንድ ሰፈር ነው። ኮሎኝ የሚባል ትልቅ ከተማ አለ፤ በመካከሉ ራይን የሚባል ወንዝ ያልፋል፤ ከወንዙ ማዶ ካልክ የሚባል የወዛደር ሰፈር አለ። የሄድኩበትን ጉዳይም አልደብቅም። ልጄን ፍለጋ ነው።

ከአልማዝ ጋር የተለያየነው ካርቱም ላይ ነው። የእሷ ወረቀት ወደ ጀርመን፣ የኔ ወደ አሜሪካ ወጣ። እናቷ ጎንደር ቀረች። ከአራት ዓመት በፊት ሳታገባ ማርገዟን ከሰው አፍ ሰማሁና ደወልኩላት። «ከእንግዲህ በኔ ስም እንዳትጠሪ። ስሜን ከስምሽ ላይ አውርጂ» አልኳት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አንድ ፖስታ አትላንታ አጠገብ ስማይርና ወዳለው አፓርትመንቴ መጣ። ውስጡ የአንዲት ሕፃን ፎቶ ብቻ ነበር። በፖስታው ጀርባ የመንገድ ስምና ቁጥር ተጽፏል፤ የላኪ ስም ግን የለም። እንቅልፍ የነሳኝ ያ ስም የሌለው ፖስታ ነው። ያልኳትን አድርጋለች፣ ስሜን አውርዳለች አልኩ። አውርጂ ያልኳት እኔው ነኝ፤ ማውረዷ ደግሞ አንገበገበኝ።

ሐሙስ። ፍልሰታ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አብሮኝ ፓርኪንግ ሎት የሚሠራው ጌታቸው በመኪናው ወደ ኤርፖርት ወሰደኝ። አድራሻውን በትልልቁ በወፍራም ካርቶን ላይ የገለበጠልኝም እሱ ነው።

ሲገለብጥልኝ «ስሟንም ልጻፍልዎት?» ብሎኝ ነበር።

«ጻፍ። አልማዝ በል።»

«የአባት ስምስ?»

«ተወው።»

«ጋሼ፣ እዚያ አገር እኮ...»

«ተወው አልኩህ!»

አውርጂው ያልኩትን ስም በእጄ መልሼ ላጽፈው? ያ እልኬ በኋላ በዝናብ አስደብድቦኛል፤ ታዩታላችሁ።

መንገድ ላይ ጌታቸው እንደገና ጀመረኝ። «እስቲ ይደውሉላት ጋሼ። ስልኳን ከሰው ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።»

«ደውዬ አትምጣ ብትለኝስ?»

«ካለች መብቷ ነዋ።»

«ለዚህ ነው የማልደውለው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የስደተኛ የጉዞ ወረቀቴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በጥቁሩ ካፖርቴ የውስጥ ኪስ አድርጌ ነበር፤ ስማይርናን ሳንለቅ አሥር ጊዜ ነካሁት። ያ ወረቀት ከጠፋ ወደ አሜሪካ መመለስ የለም። ነሐሴ ላይ ካፖርት ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ኪሱ ስለሚቆለፍ ነው። በአውሮፕላን ዶሮ አመጡልኝ፤ ዳቦውንና ቅጠሉን በልቼ ዶሮውን መለስኩ። አስተናጋጇ ታመመ ብላ መሰለኝ ደጋግማ እየመጣች ታየኝ ነበር።

ዓርብ። ፍራንክፈርት ላይ ፖሊሱ ወረቀቴን ሦስት ጊዜ አገላበጠው። ስንት ቀን እንደምቆይ ጠየቀኝ፤ ዘጠኝ ጣት አሳየሁት። ማን ጋ? «ልጄ ጋ» አልኩ። እንዲህ በአፌ ስላት ከአራት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ማኅተሙን መታልኝ።

ከዚያ ባቡር ነው። ባቡሩ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል። ወይን የተተከለበት ዳገት አለ፤ አሸዋ የጫኑ ረጃጅም ጀልባዎች በወንዙ ይወርዳሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ብሎኝ አይ ነበር። እኔ ግን ባቡሩ በቆመ ቁጥር ካርቶኔን አውጥቼ የጣቢያውን ጽሑፍ ከሱ ጋር አስተያያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች አሮጊት ሁኔታዬን አይታ ካርቶኑን አነበበችና ሰዓቷን አሳየችኝ፤ ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ ቁጭ በል አለችኝ። ኮሎኝ ስንደርስ በትከሻዬ መታ መታ አደረገችኝ። የሷ ጣቢያ ገና ነበር። ስሟን አላውቅም፤ እግዜር ይስጣት።

ከጣቢያው ስትወጡ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። ጥቁር ነው፤ ቀና ስል ኮፍያዬ ወደቀ። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር አለ ይላሉ። እኔ ሾፌር ነኝ፤ መንገድ ስጠይቅ አንድ ሰው አይቶኝ አያውቅም። ካልክ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ወንዙ ይኸው፣ ድልድዩ ይኸው ብዬ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በእግሬ ተነሳሁ። ድልድዩ መካከል ስደርስ ዝናብ ጀመረ። አጠገቤ ባቡሮች ሲያልፉ ብረቱ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ማዶ ደርሼም ብዙ ሄድኩ። እዚህ ስማይርና ሻንጣ ይዛችሁ በመንገድ ዳር በእግራችሁ ብትሄዱ መኪናው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ያያችኋል፤ የእግረኛ መንገድም የለም። ካልክ ግን አገሬው ሁሉ በእግሩ ነው። አሮጊቱም በእግሯ፣ ከፋብሪካ የወጣውም በእግሩ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። ቤቶቹ አራት ፎቅ አምስት ፎቅ ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሣር የለ፣ መኪና ማቆሚያ የለ። ከሥር ሱቅ ነው። ቱርኮቹ ቲማቲምና ደበርጃን በእግረኛው መንገድ ላይ ደርድረዋል። ከቤቶቹ በላይ የኬሚካል ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል። ሽታው ባትሪ ሲፈላ የሚሸተው ዓይነት ነው፤ ሾፌር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

መንገዱን አገኘሁ። ቁጥሩንም አገኘሁ። እዚህ አትላንታ አንድ አፓርትመንት ቁጥር አለው፤ ሁለት መቶ አራት ካሉህ ሁለት መቶ አራትን ታንኳኳለህ። እዚያ የለም። ትልቅ የተዘጋ በር አለ፤ በበሩ ጎን ሃያ ደወል ተደርድሯል፤ ከየደወሉ አጠገብ የሰው ስም ተጽፏል። በቃ ይኸው ነው። ካርቶኔን አወጣሁ። የአልማዝ ስም በፈረንጅ የሚጀምርበት ፊደል ድንኳን ይመስላል፤ በድንኳን የማይጀምረውን ሁሉ ዘለልኩ። በድንኳን የሚጀምሩ ሁለት አገኘሁ። ዝናቡ ካርቶኑን አርሶት ቀለሙ ወደ እጅጌዬ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ስጫን ማንም አልመለሰም። ሁለተኛውን ስጫን በሩ ጮኸና ተከፈተ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሻሽ ያሰረች አንዲት ወፍራም ቱርክ በር ላይ ቆማ አየሁ። አልማዝ አይደለችም።

እሷ ቋንቋዬን አታውቅ፣ እኔ ቋንቋዋን አላውቅ። ውኃ የሚያንጠባጥብ ሽማግሌ ብቻ ነው መሰለኝ የታያት። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቃ አስገባችው፤ ጫማዬን አስወለቀችኝ፤ የባሏን ካልሲ ሰጠችኝ። ካፖርቴን ልትቀበለኝ ስትል ግን ወረቀቱን አስቤ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ሳቀችብኝና ከነካፖርቴ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ስሟ ፋትማ ነው። ሥጋ ያለበት ሾርባ አመጣች፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እንቢ አልኩ። እርጎ አመጣች፤ እንቢ አልኩ። ተቆጣች። በመጨረሻ ዳቦ፣ ወይራና ምስር አመጣች፤ እሱን ስበላ እፎይ አለች።

ማታ ባሏ ኢስማኤል ከፋብሪካ ገባ። ከአረብ አገር ድንበር የመጣ ቱርክ ስለሆነ አረብኛ ያውቃል፤ እኔም የመተማና የካርቱም አረብኛ አለኝ።

«ምግብ አልበላም ብሏል ትላለች» አለኝ።

«ጾም ነው።»

«ረመዳን እኮ አልፏል!»

«የኛ ሌላ ነው። የማርያም ነው።»

«ማርያምን እናከብራታለን» ብሎ ለሚስቱ ነገራት፤ እሷም ጨዋታው ገባትና ምስር ጨመረችልኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቀኝ። አልማዝ የምትባል ሐበሻ እፈልጋለሁ አልኩት። አሰበ።

«አልማዝ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም። አንዲት ሐበሻ አለች፣ አራተኛ ፎቅ፤ ትንሽ ልጅ አለቻት። ስሟ ግን አልማዝ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ቆይ ብሎ ነጠላ ጫማውን አጠለቀ። ወደ ታች ይዞኝ ወረደ፤ በሩን ከፍቶ ጣቱን ከደወሎቹ በአንዱ ላይ አሳረፈ። «ይችውና» አለኝ።

እንግሊዝኛ አላነብም። አንዲት ቃል ግን አውቃለሁ፤ የፓርኪንግ ሎቱ ሰዎች በሥራ ሸሚዜ ደረት ላይ የጠለፉልኝን ቃል። ደወሉ አጠገብ የነበረችው እሷ ናት። ተሰማ ይላል። የኔ ስም።

ያን ሁሉ ጊዜ ፊቴ ነበር። ሰው የራሱን ስም በሌላ አገር ደጅ ላይ አይፈልግምና ዘልዬዋለሁ። ጀርመን አገር ሰው በገዛ ስሙ አይጠራም፤ በአባቱ ስም ነው። ጎረቤቱም፣ ፖስተኛውም፣ አለቃውም አልማዝን ተሰማ ነው የሚሏት።

ኢስማኤል «ምን ሆንክ?» አለኝ። ደወሉን ሊጫንልኝ ሲል እጁን ያዝኩ። ከዚያ ቆይቶ ትዝ አለውና፣ ለነገሩ ዛሬ የለችም፣ ሆስፒታል ሌሊት ነው የምትሠራው፣ ልጅቱን ጓደኛዋ ጋ አሳድራ ጠዋት ይዛት ትመጣለች አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አለመኖሯ ደስ አለኝ። ስሜ በበሩ ላይ ካለ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው ማለት ነው። ምን እላታለሁ?

ቅዳሜ። በሶፋቸው ላይ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ካፖርቴን ለብሼ ወረድኩ። ኢስማኤል ብቻህን አትቆምም ብሎ ተከተለኝ፤ እሱም ጥቁር ኮት ደርቧል። ሁለታችን በሩ ላይ ግራና ቀኝ ቆምን። ይህ ነገር ምን እንደሚመስል እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ፤ ኢስማኤልማ ከየት ያውቀዋል።

አልማዝ ልጇን በእጇ ይዛ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ከስታለች። ቀና ብላ አየችን። ቆመች። የያዘችው ከረጢት ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ ናት!» አለች። «እማዬ ናት አይደል? ንገሩኝ! እናቴ ናት!»

ያኔ ገባኝ። በጎህ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሳይናገሩ ደጅ ላይ የሚቆሙት መርዶ ሊነግሩ ሲመጡ ነው። ከአትላንታ ድረስ ስፈራ የመጣሁት በሩን ትከፍትልኝ ይሆን ብዬ ነበር፤ ይህን አላሰብኩም። ሮጥኩ።

«ማንም አልሞተም! እናትሽ ደህና ናት! በግንቦት ደብዳቤ ልካለች፣ ደህና ናት! ማንም አልሞተም!»

«ይማሉልኝ!»

«እመቤታችንን! ማንም አልሞተም!»

ኢስማኤል ከኋላዬ በአረብኛ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ይላል። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ከላይ አንድ መስኮት ተከፈተና አንዲት ጀርመን ጮኸችብን።

አልማዝ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አየችኝ። «ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት መልስ ሌላ ነበር።

«ላይሽ» አልኩ።

«ሰው ልጁን ሊያይ እንዲህ ይመጣል? በጎህ? ልቤን ሊያቆሙት ነበር እኮ!» በቡጢ ደረቴን መታችኝ። ወረቀቱ ያለበትን ኪስ ነው የመታችው። ከዚያ ግንባሯን እዚያው ላይ አሳረፈች። ወዲያው ደግሞ ቀና አለችና፣ «ቁርስ አልበሉም» ብላ ደረጃውን ወጣች። ተከተልኳት። ይቅር ብላኛለች አላልኩም፤ አባት ስለሆንኩ አስገባችኝ እንጂ።

ከእሑድ እስከ ማክሰኞ። ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። እኔ ልጅቱን ይዤ ካልክን እዞራለሁ። ማርታ ትባላለች፤ ሦስት ዓመት አልፏታል። አማርኛዋ የእናቷ ነው፣ ጀርመንኛዋ የሰፈሩ። አንድ ቀን የእግረኛ መብራት ቀይ ሆኖ ሳለ፣ መኪና የሚባል በግራም በቀኝም ስለሌለ ተሻገርኩ። ሰዉ ሁሉ ማዶ ቆሞ ቀርቶ አየን። አንዲት አሮጊት ጣቷን ወደ ማርታ እየጠቆመች ቁጣዋን አወረደችብኝ። «አባባ፣ ቀይ ነው» አለችኝ ማርታም። ሠላሳ ዓመት ነድቼ በሦስት ዓመት ልጅ ተመከርኩ። ውኃ ገዝቼ ስጠጣ እንደ ሶዳ ፈላብኝና ተበላሽቷል ብዬ መለስኩት፤ ባለሱቁ ሌላ ከፈተልኝ፤ እሱም ፈላ።

በሰፈሩ መካከል ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። ውስጧ እመቤታችን የሞተ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች በሥራ ልብሳቸው ገብተው ሻማ ያበራሉ። አንዷ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። እዚያ ቆሜ የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ አፌን እንድትከፍትልኝ።

ቤት ደግሞ ስልኩ አለ። እዚህ አትላንታ ሰው ስልክ ሲያነሳ ሄሎ ይላል። አልማዝ ስታነሳ «ተሰማ!» ነው የምትለው። በጮኸ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ማርታ ደግሞ የአሻንጉሊት ስልኳን ታነሳና፣ በእናቷ ድምፅ፣ «ተሰማ!»

ረቡዕ። ከሰዓት በኋላ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«ያኔ ስሜን አውርጂ ብለውኝ ነበር።»

የልብሱን እጅጌ ገልብጣ ቀጠለች።

«ላወርደው ሄጄ ነበር። ቢሮ ሄጄ። ጸሐፊዋ፣ እሺ፣ ታዲያ ማን ብዬ ልጻፍሽ? አለችኝ። የምላት አጣሁ። ተመልሼ መጣሁ።»

«ልጅቱስ?»

«አባቷ አልፈርምም ብሎ ሄደ። በእናቷ ስም ጻፏት። በእርስዎ ማለት ነው።»

«እኔ አያቷ ነኝ እንጂ አባቷ አይደለሁም» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር ይህን መረጥኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«እሱን ለጀርመኖቹ ይንገሩልኝ» ብላ ካውያውን አስቀመጠች።

«ፖስታው ላይ ለምን ስም አልጻፍሽም?» አልኳት።

«ብጽፈው ሳይከፍቱ ይመልሱታል ብዬ።»

ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። ለኔ ይቅር በይኝ ማለት ተሳቢ የያዘ መኪና ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንደ መመለስ ነው፤ ትከሻዬ ሁሉ ተገተረ። ሐሙስም አላልኩም። ዓርብም አላልኩም። በዓርቡ ማታ ፋትማና ኢስማኤል ሊሰናበቱኝ ወጡ፤ ፋትማ ለመንገድ የሚሆን ዳቦና ወይራ ቋጠረችልኝ፤ ቅቤ እንደሌለበት በጣቷ እየማለች።

ቅዳሜ። የመመለሻዬ ቀን። ኢስማኤል ሻንጣውን እስከ ባቡሩ እሸከማለሁ ብሎ በጠዋት መጣ። አልማዝ ልብሷን እስክትለብስ ቀድመን ወረድን። ውጭ ያካፋል። ትልቁ በር ከኋላችን ገጭ ብሎ ተዘጋ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ደረቴ ሄደ። ሸሚዝ ነው የነካሁት። ካፖርቴ የለም። ወረቀቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ማንጠልጠያው ላይ ቀርቷል፤ ባቡሩ ደግሞ አይጠብቅም። ኢስማኤል ቁልፉን ቤት ትቶ ነው የወጣው።

ወደ ደወሉ ዞርኩ። አሁን መፈለግ አያስፈልገኝም። የገዛ ስሜን ተጫንኩት።

ግድግዳው ላይ የላይ ቤቱ ሰው ድምፅ የሚወጣባት ወንፊት ኮሸሽ አለች። ከዚያ የሕፃን ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ «ተሰማ!»

ስማችሁ ሲጠራ ምን ትላላችሁ? እኔም እሱኑ አልኩ።

«አቤት።»

«ተሰማ!» አለች ደግማ፣ ያልሰማሁ መስሏት።

«አቤት የኔ እመቤት። እናትሽን ጥሪልኝ።»

«አባባ? ምን ረሱ?» አለች አልማዝ።

ካፖርቴን ልል ነበር። ፊቷ አይታየኝም፤ ፊቴም አይታያትም። ፊቴ ግድግዳ ብቻ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ አፌ ተከፈተ።

«አልማዝ፣ ስሙ ይቀመጥ። ላንቺም ይሁን፣ ለሷም ይሁን። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር በይኝ።»

ወንፊቷ ትኮሸኮሻለች። ኢስማኤል ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ዝናቡ በሸሚዜ ኮሌታ ይገባል።

«ካፖርትዎን ትተው ነው እንዴ የወረዱት?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ወፍሯል። «ወረቀትዎ ያለው እኮ እዚያ ውስጥ ነው። ይምጡ፣ ይግቡ፣ እንዳይረጥቡ።»

በሩ ጮኸ። ከኋላዋ ማርታ አሁንም «ተሰማ! ተሰማ!» እያለች ትጠራለች።

«አቤት» እያልኩ ገፍቼው ገባሁ።